በአደራ የተቀመጠችው በረዶ

የኛ ሙዚየም ሁለት ክፍል ናት። ድሮ የገዢያችን የራጃው የእህል ጎተራ ነበረች። የመጀመሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ የራጃው ጎራዴ ተሰቅሏል፤ የራጃው ለመሆኑ ግን ማል ብትሉኝ አልምልም። በሁለተኛው ክፍል ሁለት የድሮ የጀርባ ቅርጫቶች፣ ጥቂት ቅሎችና አንድ ፍሪዘር አሉ። ከስካርዱ ከተማ በጂፕ እየተንገጫገጨ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ለፍሪዘሩ ነበር። ሌላውን ለይሉኝታ ያየዋል።

ፍሪዘሩ ውስጥ አንዲት በረዶ ነበረች። የተሸለተ በግ ታክላለች፤ ነጭ ሆና ወደ ሰማያዊ ትወስዳለች። ክዳኑን ከፍቼ፣ "ይህቺ ከመንደራችን በላይ የነበረችው የሴቷ ግግር በረዶ የመጨረሻ ቁራጭ ናት፤ ከዚህ ሌላ የቀረ የላትም" ስል እንግዳው ስልኩን ያወጣል። እኔም ወዲያው፣ "ቶሎ በል! ትቀልጣለች!" እያልኩ እጮኻለሁ። አንዱ ከካራቺ መጥቶ ሚስቱን ከበረዶዋ ጋር ፎቶ ሊያነሳ፣ ወዲህ ዙሪ፣ ወዲያ ዙሪ፣ ሻርፕሽን አስተካክይ ሲላት ትዕግስቴ አለቀና ክዳኑን እጁ ላይ ዘጋሁበት። አቤቱታ ጻፈብኝ። ይጻፍ።

በኛ አገር በረዶም ወንድና ሴት አለው። ወንዱ ድንጋይና አፈር የተሸከመ ጥቁር፣ ውሃ የማይሰጥ ንፉግ ነው። ሴቷ ነጭ ናት፤ ውሃው ከሷ ነው። ከሁለቱም ቆርጦ ፀሐይ በማያየው ዋሻ ውስጥ ማገናኘት፣ በከሰልና በገለባ መሸፈን፣ ከዚያ ዞር ብሎ አለማየት ነው። ከተስማሙ ይወልዳሉ፤ ከአስራ ሁለት ዓመት በኋላ ከዋሻው ሥር ውሃ ይመጣል። አያቶቻችን እንዲህ ነው ሸለቆውን ያጠጡት፤ ቅርጫቶቹም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ችግሩ ሴት በረዶ ያለው መንደር ለሌላ መንደር አይሰጥም። ልጁን ቢድር ይቀለዋል።

የኛን ሴት ሙቀቱ ጨረሳት። በየዓመቱ ወደ ላይ ስትሸሽ፣ ስትሸሽ፣ በመጨረሻ ጭቃና ድንጋይ ብቻ ቀረ። ያኔ ነው አፖ ሹክር የመጨረሻዋን ቁራጭ በመጥረቢያ ቆርጠው፣ በጀርባቸው አዝለው፣ ሙዚየሙ ድረስ ያመጧት። አፖ ማለት አያት ነው። የኔ አያት አይደሉም፤ መንደሩ ሁሉ ግን አፖ ይላቸዋል። በልጅነታቸው በረዶ ሲዳር ቅል ተሸክመው የሄዱ፣ ከነዚያ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ፍሪዘሩ የመጣልን ለበረዶ አልነበረም። የራጃውን የሱፍ ካባ ብል ስለበላው፣ ብርድ ብሉን ይገድለዋል ተብሎ ከኢስላማባድ የተላከ ነው። አፖ ካባውን ጎትተው አወጡና ወንበር ላይ ጥለው በረዶዋን አስገቧት።

"አደራ ናት" አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። "ባሏን እስክናገኝላት።"

ሳቅኩ። አፖ አልሳቁም።

ፍሪዘሩን የላከችልን ዶክተር ዘርቃ ናት። በዓመት ሁለቴ እየመጣች ሙዚየማችንን የምታይልን እሷ ነች። ካባውን ወንበር ላይ ስታየው ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ክዳኑን ከፍታ በረዶዋን ስታይ ግን ተንበረከከች፤ ረጅም ሰዓትም አልተነሳችም። ከዚያ ቁጥር ሰጠቻት፣ ጽሑፍ ጻፈችላት፣ በየጉባኤው ስለሷ ተናገረች። እንግዳ መጉረፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ካባውን ብል ጨረሰው፤ የጠየቀም የለም።

ዓመታት አለፉ። ወንዱ በረዶ ያለው ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር በላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ በግጦሽ ጠብ ምክንያት ጠጠር እንኳ አይሰጡንም ነበር። አምና ባቂር የሚባለው የጂፕ ሹፌራቸው የኛን ልጅ አገባ። በሠርጉ ሽማግሌዎቹ አብረው በሉና ተቃቀፉ። መኸር ላይ አፖ ሹክር ከዘራቸውን እያንኳኩ ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"ታቂ! ባሏ ተገኝቷል። አዘጋጃት!"

"ማንን ነው የማዘጋጀው?"

"እሷን ነዋ! ፍሪዘር ውስጥ ያስተኛሃትን! የማዶዎቹ ከወንዱ ቆርጠው ሊሰጡን ነው።"

እሷ ከሄደች ምን ቀረኝ? የማልምልበት ጎራዴ!

"አፖ፣ እሷ እኮ አሁን የሙዚየም ናት" አልኳቸው። "ቁጥር ተሰጥቷታል።"

"ቁጥር? እኔም መታወቂያ ላይ ቁጥር አለኝ። የመንግሥት ዕቃ ነኝ እንግዲህ?"

"እንደሱ ማለቴ አይደለም…"

"አደራ ብዬ ነው የሰጠሁህ። አደራ ምን እንደሆነ እናትህ አልነገረችህም?"

ዶክተር ዘርቃን ሳልጠይቅ ክዳኑን እንደማልከፍት ነገርኳቸው። "ጥራታ!" ብለው ሄዱ። ማታ ለሚስቴ ለፊዛ ብነግራት እሷም አላዘነችልኝም። "የሰው አደራ ይዘህ ስትኮራበት ኖርክ፤ በል አሁን መልስ" አለችኝና ጨው የበዛበት ሻይ ፊቴ አስቀመጠች። እንዲህ ናት፤ ስትናደድብኝ ጨው ታበዛለች።

ዶክተር ዘርቃ በሳምንቱ መጣች። ሦስታችን ፍሪዘሩ አጠገብ ተቀመጥን። አፖ የደረቀ አፕሪኮት ከኪሳቸው አውጥተው አቀበሏትና ጉዳያቸውን ተናገሩ። ሳታቋርጥ ሰማቻቸው። ሞኝ ሰው አይደለችም፤ እንደሌሎቹ የከተማ ሰዎች ራሷን እየነቀነቀች በሆዷ አትስቅም።

"አፖ፣ እውነቱን ልንገርዎት" አለች። "ሁለት ቁራጭ በረዶ ተጋብቶ ይወልዳል ብዬ አላምንም። ዋሻው ጥሩ ከሆነ በረዶ ያጠራቅም ይሆናል፤ ላያጠራቅምም ይችላል። ይህቺ ግን ሌላ የላትም። ከቀለጠች እዚህ ግግር በረዶ እንደነበረ ማን ይመሰክራል? ሙዚየም እኮ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ነገ የሚወለዱት ልጆች ምን እንዳጡ በዓይናቸው ይዩ።"

"አይተው ምን ያደርጋሉ?"

"ይቆጫሉ። የተቆጨ ሰው ነው አንድ ነገር የሚያደርገው።"

"እኔ ተቆጭቻለሁ" አሉ አፖ። "አንድ ነገር ላድርግ ስል ከለከልሽኝ።"

ወላሂ፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ። እኔ ደግሞ በማይመለከተኝ ገብቼ፣ ለምን ግማሹን አንቆርጥም አልኩ። አፖ፣ "ሙሽራ ይቆረጣል?" ብለው ጮኹብኝ።

በዚያው ቅጽበት አምፖሉ ጠፋ። ፍሪዘሩም እርር… አለና ቆመ። ድምፁን ለምደነው አንሰማውም ነበር፤ ሲቆም ክፍሉ ጭር አለ።

"ምንድን ነው?" አለች ዶክተሯ።

"መብራቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ይደክመዋል።"

"ለምን?"

ይዣት ወጣሁ። መብራታችን ከመንደሩ በላይ፣ ጅረቱ ላይ ካለችው ትንሽ ተርባይን ነው የሚመጣው። ቦዩ ላይ ቆማ ቁልቁል አየች። ድሮ በግ ይወስድ የነበረ ውሃ ዛሬ የጫማዋን ሶል አላረጠበም።

"ይሄ ጅረት ከየት ነበር የሚመጣው?" አለች።

"ከሷ ነበራ። አሁን የሚወርደው ተራራው ላይ የከረመው ተራ በረዶ ነው። አምና በብርዱ ወራት የቆመችው ተርባይን የተነሳችው አፕሪኮቱ አብቦ ከረገፈ በኋላ ነው። እስከዚያ በረዶዋን በብርድ ልብስና በገለባ ጠቅልለናት እንኳን በስንዝር አንሳለች።"

"ይህንን ለምን አልነገርከኝም?"

"ፍሪዘሩን ትወስጂዋለሽ ብዬ ፈራኋ!"

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ወደ ባዶው ሸለቆ አየች፤ ወደ ተርባይኗ አየች። ከዚያ ኮቷን አራግፋ ተነሳችና ቀድማኝ ወረደች። አፖ እኛ ከሄድን ጀምሮ ፍሪዘሩ ክዳን ላይ እጃቸውን ጭነው ተቀምጠው ነበር፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስሱ ይመስላሉ።

"ውሰዷት" አለቻቸው። "አለቆቼን እኔ አናግራቸዋለሁ። ግን አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

"ደንቡን ትችይዋለሽ?"

ደንቡ ሁለት ነው። ቅርጫቱ ጀርባ ላይ ከወጣ በኋላ ዋሻው በድንጋይ እስኪደፈን መሬት አይነካም። ከተጓዦቹም አንድም ሰው ቃል አይተነፍስም፤ ሙሽሪት ከደነገጠች አትፀንስም። ዶክተሯ እችላለሁ አለች።

"ነገሩ አንቺን አልፈራም" አሉ አፖ፤ በከዘራቸውም ወደኔ ጠቆሙ። "የምፈራው ይሄንን ነው። ይሄ በሶላት መሃል እንኳ ያወራል።"

"ኧረ አፖ! እኔ ደግሞ መቼ ነው…"

"አየሽው?"

የሄድነው ብርዱ ጠንከር ሲል፣ ጎህ እንደቀደደ ነው። የድሮዎቹን ቅርጫቶች ከመስታወት ሣጥናቸው ውስጥ አወጣኋቸው፤ ማሰሪያቸውን በአዲስ የፍየል ጠጉር ገመድ ለወጥኩት። ፊዛ በሻርፕ አፌን ጠመጠመችልኝ። "አስራ አምስት ዓመት የለመንኩትን ይህቺ በረዶ በአንድ ቀን አገኘችው" አለችና ሰፈሩን አሳቀችብኝ። መልስ ነበረኝ። ግን በረዶዋ ጀርባዬ ላይ ወጥታ ነበር።

ባቂር ወንዱን አዝሎ ከፊት ሄደ። ቀጥሎ እኔ ሴቷን አዝዬ፤ ከኔ ኋላ ዶክተሯ፤ ከዚያ ቅልና ከሰል የያዙ ጎረቤቶች። አፖ ይቅርብዎት ብንላቸው በጄ አላሉም። "ዋሻውን ያየሁት እኔ፣ ከሰሉን የማውቀው እኔ" ብለው የመጨረሻውን ቦታ ያዙ። የሰነፈውን በከዘራ ለመውጋት ይመቻል።

ዝም ብሎ መሄድ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። የበረዶዋ ውሃ በጀርባዬ ወርዶ ሱሪዬ ውስጥ ገባ፤ አልተናገርኩም። ባቂር በጂፕ ሲከንፍ እንደለመደው በእግሩም ሲከንፍ፣ ሊሰደብ ይገባው ነበር፤ አልሰደብኩትም። ስድቡ ጉሮሮዬ ላይ ተደርድሮ ቆየ።

ከዋሻው በታች ድንጋዩ የሚንሸራተት ረጅም ዳገት አለ። እዚያ መሃል ላይ ስንደርስ ከኋላ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። እዚያ ቦታ ድንጋይ ሁሌ ይንከባለላል። መንገዱ የአንድ እግር ስፋት ነው፤ ቅርጫት ያዘለ ሰው መዞር አይችልም። የጮኸ ሰው አልነበረም። ቀጠልን።

ዋሻው አፍ ላይ ደርሰን ስንዞር አፖ የሉም።

እርስ በርስ ተያየን። ባቂር ቅንድቡን አነሳ። እኔ አፌ ሊከፈት ሲል ሻርፑን ነከስኩ። በረዶዋ ጀርባዬ ላይ ናት፤ ባወርዳት ታበቃለች፤ ብጠራቸው ታበቃለች። ያን ጊዜ ዶክተር ዘርቃ ክንዴን ጨበጠችና ወደ ታች ጠቆመች። ብቻዋን ወረደች። ቁልቁለቱን እየተንሸራተተች ስትሄድ ለመጣራት አፏን አልከፈተችም፤ የማታምነው ሴትዮ!

ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛናቸው፤ ጥቁሩንና ነጯን። ከሰሉን አለበስናቸው፣ ገለባውን ከመርንባቸው፣ ከወንዝ ውሃ የተሞሉትን ቅሎች በራስጌያቸው አደረግን። ከዚያ ድንጋዩን መደርደር ጀመርን። እጄ እስኪደማ ቸኮልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ የፈራሁት ለበረዶዋ አልነበረም። የመጨረሻው ድንጋይ ገጥሞ ባቂር "ያ ዓሊ!" ብሎ ሲጮህ ተራራው መለሰለት። እኔ "አፖ!" ብዬ ጮህኩ። እሳቸው አልመለሱልኝም።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ዳገቱ ግርጌ አገኘኋቸው። ጭናቸው ከጉልበት በላይ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፎ ይደማል። ዶክተሯ ራሳቸውን እቅፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ ድምፅ ግን የላትም። አፖ የሱፍ ኮፍያቸውን ከራሳቸው አውልቀው፣ ጠቅልለው፣ አፋቸው ውስጥ ወትፈውታል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

"ጨርሰናል!" አልኩ። "ተዘግቷል! ይናገሩ! ይጩኹ!"

ኮፍያውን ጎትተው አወጡና ጮኹ። ከወደቁ ጀምሮ ያጠራቀሙትን ሁሉ አንድ ላይ ጮኹት። ትንፋሽ ሲያገኙ ደግሞ ክንዴን ይዘው፣ "አንተ አህያ፣ ከሰሉን ከገለባው ሥር ነው ያደረግኸው ወይስ ከላይ?" አሉኝ።

"ከሥር፣ አፖ።"

"ሻርፑን አውልቅና ንገረኝ! ከሥር?"

"ከሥር! ወላሂ ከሥር!"

ዶክተር ዘርቃ ያኔ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። አፖም፣ "ልጄ፣ የተሰበርኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?" አሏት።

ባዶውን ቅርጫት አፉን ሰፋ አድርገን፣ እግራቸውን በከዘራ አስረን፣ እሳቸውን ጫንናቸው። ባቂርና እኔ እየተቀያየርን አወረድናቸው። በረዶዋ ቀላል ነበረች፤ በዚያ ላይ አትናገርም። አፖ መንገዱን ሙሉ ስለ ከሰሉ ጠየቁን። ስካርዱ ሆስፒታል ብረት አስገቡላቸው። ከዚያ በኋላ ከሙዚየሙ ዳገት በላይ የሚያወጣ እግር የላቸውም።

ብርዱ አለፈ። አፕሪኮቱ አበበ፣ ረገፈ፣ ፍሬ ያዘ፤ ተርባይኗ ግን አልተነሳችም። ፍሪዘሩ እንደ ሣጥን ዝም ብሎ ቆመ። ዶክተር ዘርቃ ስትደውል፣ "ፍሪዘሩ ይሠራል?" አለችኝ። ሞቷል አልኳት። "እዚያ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ወለል ላይ ነበረች" አለች። ዋሻው ዳር ልሄድ አስቤ ነበር፤ ግን ተዳሩ የተባሉትን ሄዶ መጎብኘት ነውር ነው። አሉ ወይ? አላውቅም። ማንም አያውቅም።

እንግዶች ዛሬም ይመጣሉ። ቅርጫቱን አሳያቸዋለሁ፤ ማሰሪያው ላይ የአፖ ደም አለ። ከዚያ የፍሪዘሩን ክዳን እከፍትላቸዋለሁ። ውስጡ አንድ የሱፍ ኮፍያ አለ፤ የጥርስ ምልክቱ አልጠፋም። ፎቶ ሲያነሱ አልጮኽባቸውም።

አንድ ጠዋት አፖ በሁለት ምርኩዝ እየተንገዳገዱ መጡ። ራሳቸው ባዶ ነበር፤ ነፋሱ ያችን ነጭ ጠጉራቸውን ያራግባታል። ክዳኑን አስከፍተው አጎንብሰው አዩ።

"ይሄ ኮፍያ የኔ ነው" አሉ።

"አዎ፣ አፖ።"

"ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፈልገው ነው የኖርኩት። ራሴን ይበርደኛል። ስጠኝ።"

ልሰጣቸው እጄን ሰደድኩ። ከዚያ ቆምኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ "አደራ ነው፣ አፖ" አልኩ። "ለርስዎ ነው ያስቀመጥኩት።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትወልድ።"

ምርኩዛቸውን ፍሪዘሩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ጣታቸውን በጣታቸው እየነኩ ዓመቱን መቁጠር ጀመሩ። መሃል ላይ ሲደርሱ ተዉት። ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። ክዳኑን በገዛ እጃቸው፣ ቀስ አድርገው ዘጉት።

"እንግዲያው ብል እንዳይበላብኝ" አሉና ባዶ ራሳቸውን ነፋሱ ውስጥ ወጡ።